በጉሬዛ ቆዳ የታሰሩት ሰው

ጅማ መንገድ ላይ ፖሊሶች ከአውቶቡስ አወረዱኝ። ቦርሳዬ ውስጥ «መሬት ላራሹ» የሚል የተባዛ ወረቀት ስላገኙ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። ከሰበታ ወጣ ብሎ ወዳለ ጣቢያ ወስደው ከጓሮ ባለች ክፍል ዘጉብኝ።

ክፍሏ እርጥብ አፈርና ሽንት ትሸታለች። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠው አየሁ።

«አካም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አሉኝና ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። «ምን አድርገህ ነው?»

«ወረቀት ይዤ። አንቱስ?»

«ጉሬዛ ገድዬ።»

ከመናገሻ ጫካ ግርጌ የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ነጋዴ የጉሬዛ ቆዳ ከእሳቸው ይገዛል፤ አሰፍቶ ምንጣፍ እያደረገ ለፈረንጅ ይሸጣል። ፖሊሶች ሲደርሱ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ነጋዴው ፈቃዱን አሳይቶ ሄደ፤ ሽማግሌው ታሰሩ።

«ለመሸጥ ፈቃድ አለ፤» አሉኝ። «ለመግደል ነው የሌለው።»

ሕጉን ግን አላማረሩም። «መጨረሻ የገደልኳት ጉሬዛ እናት ነበረች። ከዛፉ ወደቀች እንጂ አልሞተችም። እጇን ቁስሏ ላይ አደረገች፤ አንስታ ደሙን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ልጇ ደረቷ ላይ ነበር፤ ገና ነጭ ነው፣ ጠጉሩ አልጠቆረም።»

«ልጇስ?» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ቀን ሸለብ ሲያደርጋቸው መዳፋቸው ወደ ጎናቸው ይሄዳል። ብንን ብለው መዳፋቸውን ያዩታል።

በማግስቱ ሁለታችንንም መቶ አለቃው አስጠራን። ቢሮው ወለል ላይ የጉሬዛ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ገና አዲስ ነው። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሙ።

«ግባ እንጂ፤» አላቸው።

ምንጣፉን ሳይረግጡ ግድግዳውን ተጠግተው ገቡ።

«ይህ ልጅ ጃንሆይን ሲሳደብ ሰምተሃል አይደል?» አለ መቶ አለቃው፣ ድምፁን አለስልሶ። «ይህንኑ ለዳኛው ትናገራለህ። የጉሬዛውን ነገር እኔ እተውልሃለሁ፤ ለአጨዳህ ትደርሳለህ።»

ገብሱ ደርሶ ነበር። ቤታቸው ከባለቤታቸው በቀር ሰው እንደሌለ ነግረውኛል። እምቢ በሉልኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ጌታዬ፣ ጉሬዛዋን ገድያለሁ። ለዳኛውም ይህንኑ እናገራለሁ። ልጁ ሲሳደብ ግን አልሰማሁም።»

«ቆዳውን ከአንተ ማን እንደገዛም ልትናገር ነው?»

«ከጠየቁኝ እናገራለሁ።» ወደ ወለሉ ተመለከቱ። «የት እንዳለም እናገራለሁ።»

ፍርድ ቤት ስለ ገዢው ማንም አልጠየቃቸውም። ተፈርዶባቸው ወደ ወህኒ ተላኩ። እኔ ምስክር ስለታጣብኝ ተግሣጽ ተሰጥቶኝ ተለቀቅኩ።

ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ጫካው ግርጌ ስደርስ ባለቤታቸው ብቻቸውን ያጭዱ ነበር። ከሽማግሌው ጋር ታስሬ እንደነበር ነገርኳቸው።

«መቼ ይመጣል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

ትንሽ አዩኝና ትርፍ ማጭድ አቀበሉኝ። እስኪመሽ አብረን አጨድን።

ሽማግሌው እዚያው ወህኒ መሞታቸውን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ልጆቼ ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ ስለ ተማሪዎች ሰልፍና ስለ ወረቀቱ አወራቸዋለሁ። እሳቸው ጋ ስደርስ ግን ወሬ እቀይራለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት።