የእማማ ሰገነት የተጠቀለለ እጅ

አስካለች ባሏ ሶርሳ በወባ ሲሞት ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። የቀራት ጡት ያልተወች አንዲት ሴት ልጅ፣ ከጓሮ ጥቂት እግር እንሰት፣ ደግሞም ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ሁለት ትልልቅ እጆች ነበሩ። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ «ይኸ እጅ የታሰበው ለወንድ ነበር፣ ተሳስቶ አንቺ ላይ ተለጠፈ» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። በልቧ ግን፣ በዚህ እጅ እንጀራ ይበላበታል ትል ነበር።

በ1926 ዓ.ም. የዘመን መለወጫው ጊፋታ ካለፈ በኋላ ልጇን አዝላ እማማ ሰገነት ዘንድ ሄደች። እማማ ሰገነት ከሶዶ እስከ ሻንቶ ድረስ አራስ የሚያሹ፣ ወለምታ የሚመልሱ፣ የደከመ ወገብ የሚያቀኑ ሴት ነበሩ። ጠጋ ብሎ ላያቸው አጥንታቸው የወጣ ሚጢጢ አሮጊት ናቸው።

«እማማ፣ ሙያውን ያስተምሩኝ» አለቻቸው።

እጆቿን ያዙና ገለባበጧቸው። «ጉልበት አለሽ። መጥፎ ነው።»

«ጉልበት ምን ያደርጋል እማማ?»

«ጉልበት ያለው ሰው ይጫናል እንጂ አያዳምጥም። ለማንኛውም ጥፍርሽን ቆርጠሽ ነገ ነይ።»

የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ አለፈ። ቅቤው ለጋ መሆን አለበት፤ የሸተተ ቅቤ ቆዳ ያቃጥላል። የቀዘቀዘ እጅ ሰውነት ላይ አይወድቅም፤ መጀመሪያ በብብት ይሞቃል። አስተኝተሽ ስታሺ የራስሽን ወገብ ጠብቂ፣ አለዚያ በአርባ ዓመትሽ አንቺም የምትታሺ ትሆኛለሽ። ቁስል አትንኪ። የተሰበረ አጥንት ላይ አትጫኚ። ሰው ቤት ያየሽውን ገላ፣ የሰማሽውን ምሥጢር እዚያው ጥለሽ ውጪ። አስካለች ማታ አውራ ጣቷ አብጦ ልጇን ማቀፍ እያቃታት ቤቷ ትገባለች፣ ጠዋት ደግሞ ተመልሳ ትሄዳለች።

ሁለት ነገር ግን አልገባትም። እማማ ሰገነት አንዳንድ አራስ ቤት ሲገቡ ከመቀነታቸው ቀጭን የእንሰት ቃጫ ይመዛሉ። የሴትዮዋን አንድ ባት ዙሪያውን ለክተው ቃጫውን ይቋጥራሉ፤ ከዚያ ሌላውን ባት ይለካሉ። አልፎ አልፎ ከልኬቱ በኋላ ሰበብ ፈልገው ይወጡና ቀኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመለሳሉ። «እጄን ወለም አለኝ። ለዛሬ ይቅር፣ እግሯን ብቻ ከፍ አድርጉላት፤ ማንም አይንካት» ይሉና ይሄዳሉ።

አስካለች ቃጫው ለዓይነ ጥላ የሚታሰር መስሏት ነበር። የእጁን ነገር ደግሞ እርጅና ነው አለች። እማማ እያቃታቸው ነው ብላ አዘነች። መናገሩ ቢያሳፍርም፣ ጥቂት ደስም አላት።

አንድ ቀን ስለ ቃጫው ጠየቀቻቸው።

«ሲደርስ ትሰሚያለሽ» አሏት። «ሁሉን ዛሬ ከነገርኩሽ ነገ በራስሽ ደጅ ትከፍቺና እኔን ማን ይጦረኛል?»

ቀልድ ነበር። ሙሉ በሙሉ ግን ቀልድ አልነበረም።

በ1927 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በሰነበተበት ሰሞን፣ ባላምባራስ ሐብተማርያም ቤት ተጠሩ። ባለቤታቸው የትምወርቅ ከወለደች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሳህሊቱ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ነይ እስቲ ሰገነት፣ ልጄን እግሯ አላስነሳ ብሏታል። ደህና አድርገሽ እሽት እሽት አድርጊልኝ።»

እማማ ሰገነት ቃጫቸውን አውጥተው ለኩ። የግራው ባት ከቀኙ በአንድ ጣት በልጧል። በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት፤ ይፋጃል። ተነሡና «ውሃ ልጠጣ» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እሜቴ፣ ደጃፉ ላይ ጭቃው አዳልጦኝ እጄን ወለም አለኝ። ዛሬ ይቅር፣ እግሯን ከፍ አድርገን እናስተኛት።»

«አሁን ደህና ገብተሽ አልነበረም እንዴ? ቅቤው ቀልጦ ልጄ ሳትታሽ ልትውል? ምን ልታሟርቺብኝ ነው?»

የዚህ ሙያ አበሳ እዚህ ላይ ነው። አራስ ፊት «እግርሽ ውስጥ ክፉ ነገር አለ» አይባልም። ይህን የተናገረ ሰው፣ ነገሩ ቢደርስ በአፉ አመጣው ይባላል፤ ባይደርስ ደግሞ ሟርተኛ ተብሎ ደጅ አይረግጥም። ጨርቁ የተፈለገው ለዚሁ ነበር። እማማ ሰገነት የታመመውን እግር ላለመንካት የራሳቸውን ደህና እጅ ያሳምሙት ነበር።

ይህን አስካለች አታውቅም። የምታውቀው የቀለጠ ቅቤ እየጠበቀ መሆኑን፣ ትልቅ ቤት ውስጥ መሆኗን፣ የእማማ እጅ ሲደክም የእሷ ቀን መምጣቱን ነው።

«እሜቴ፣ እኔ አለሁ» አለች። «የኔ እጅ ደህና ነው።»

«ተይ!» አሉ እማማ ሰገነት። «አንቺ ገና ነሽ።»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ሳቁ። «ምቀኛ! ልጅቱ እንዳትበልጥሽ ፈርተሽ ነው? ቀጥዪ አንቺ ልጅ፣ እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ተይ አልኩሽ አስካለች!»

እማማ ሌላም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከአልጋው ላይ የምታያቸውን አራስ አይተው መልሰው ዘጉት። አስካለች በልቧ፣ እውነትም ምቀኝነት ነው ብላ እጇን በብብቷ አሞቀችና ተቀመጠች።

ባቱ ጠጥሮ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጫን ስትለው የትምወርቅ «አመመኝ» አለች። አስካለች «ሕመሙ ሊወጣ ነው እመቤቴ» ብላ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ጭኗ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ሳበችው። እንዲያ አሽታ አታውቅም። ጥቂት ቆይታ የትምወርቅ «ቀለል አለኝ መሰለኝ» ብላ ፈገግ አለች። ልጇን ስጡኝ ልትል ቀና ስትል እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ትንፋሼ...»

ከንፈሯ ጠቆረ። ወይዘሮ ሳህሊቱ አንስተው እስኪያቅፏት ድረስ አልቆየችም። እግሯ ላይ ያለው ቅቤ ገና አልደረቀም ነበር።

ጩኸቱ ደጁን ሲሞላው ወይዘሮ ሳህሊቱ ወደ አስካለች አልዞሩም። ወደ እማማ ሰገነት ሄደው ጨርቁን ከእጃቸው ላይ ገፈፉት። እጁ አላበጠም፣ አልላላም፣ ጣቶቹ ሁሉ ይታዘዛሉ።

«እዩት! ደህና እጅ ነው! አውቃ ነው! እንደሚገድላት አውቃ ልጅቱን አሰማራችብኝ!»

አስካለች «እኔ ነኝ» ልትል ወደ ፊት ተራመደች። እማማ ሰገነት ግን ቀደሟት፦ «እሷ አታውቅም። ጥፋቱ ያላስተማርኳት የኔ ነው።» ቤቱ ግን የሰማው እንደ ኑዛዜ ነበር።

የባላምባራስ ሎሌዎች አሮጊቷን በእርጥብ ጠፍር አስረው ጎተራ ውስጥ አስቀመጧቸው። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል። ሽማግሌ ገብቶ በሦስተኛው ቀን ሲለቀቁ ግራ እጃቸው ዳነ፤ ቀኙ ግን ጣቶቹ ጠቁረው እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ታጥፈው ቀሩ። ወለም አለኝ ሲሉበት የኖሩት እጅ ያኔ እውነተኛ በሽተኛ ሆነ።

አስካለች ሙያውን ጣለችው። በየሰው ጓሮ እንሰት እየፋቀች ልጇን ታበላለች፤ ማታ ማታ ቆጮ ይዛ እማማ ሰገነትን ልታጎርስ ትሄዳለች። እያጎረሰች ታለቅሳለች። አንድ ቀን እማማ ጉርሻውን በግራ እጃቸው መለሱት።

«ታለቅሻለሽ ወይስ ትማሪያለሽ?»

«እማማ፣ እኔ ከእንግዲህ ሰው አልነካም።»

«ጥሩ፤ እንግዲያው አለመንካቱን እንጀምር። ከጉልበት በታች አራት ጣት ቁጠሪ፣ እዚያ ላይ ለኪ። ሁለቱም እግር ካበጠ ሌላ ነገር ነው። አንዱ ብቻ ካበጠና ከፋጀ፣ በተለይ አራስ ወይም ብዙ የተኛ ሰው ከሆነ፣ ውስጡ የረጋ ነገር አለ። ከተነካ ይነቀልና ወደ ልብ ይሄዳል። እኔም የተማርኩት በሁለት ሰው ነው።»

«በሁለት?»

«በሁለት። አንቺ በአንድ ተማርሽ፤ ካልተማርሽ እሷ በከንቱ ሞተች።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ የማይታሽ አንገት፣ የማይነካ የነፍሰ ጡር ሆድ፣ የማይጫኑት ጡት፣ አንድ በአንድ ነገሯት። ጣሊያን ሶዶ በገባበት ዓመት እማማ ሰገነት ሞቱ። ለቀብር የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። ቃጫው አስካለች መቀነት ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሚጠራት ሌላ መላ ያጣ ድሃ ብቻ ነው። በ1930 ዓ.ም. በልግ ላይ ከሻንቶ መንገድ ዳር ኤርካሎ የሚባል ገበሬ መጣ። ሚስቱ ሚርያም ከወለደች ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ «እግሬን» እያለች ትጮኻለች።

ገና በር ሳይደርሱ ኤርካሎ ቆመ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። እጅሽን ጠቅልለሽ እንዳትቀመጪብኝ። የሰገነትን ነገር አገር ሰምቶታል።»

አስካለች በዚህ መንገድ ሁሉ ስታስብ የመጣችው ይህንኑ ነበር። ጨርቁ ከእንግዲህ አይሠራም። ገብታ የሚርያምን እግር በእጇ ጀርባ ብቻ ዳሰሰችና ቃጫውን ለባልየው ዘረጋችለት።

«አንተ ለካ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አራት ጣት ከጉልበቷ በታች። ቋጥረው። አሁን ሌላውን።»

ለካ። ቋጠሮውና የቃጫው ጫፍ አልተገናኙም። ደግሞ ለካ፤ አሁንም አልተገናኙም።

«ምን ማለት ነው?»

አስካለች ሚርያምን አየቻት። አራስ ፊት የማይባለውን ተናገረች። «አልነካትም ማለት ነው። አንተም፣ እናትህም፣ ጎረቤትም አትንኳት። ስትተኛ ከእግሯ ሥር ገለባ የሞላበት ስልቻ አድርግ። ውሃ ትጠጣ። ቃጫው አንተ ጋ ይቅር፤ ጠዋት ጠዋት ለካ።»

«ደረቷን ከወጋትስ?»

«ከዚያ ወዲያ እኔም አላውቅም።»

ኤርካሎ በንዴት ሳቀ። «ስትነኪ ትገድያለሽ፣ ሳትነኪ ደግሞ ታሟርቻለሽ! ምን ልታደርጊ መጣሽ ታዲያ?»

«እንዳትነካ ልነግርህ።»

ቅቤው በእሳቱ ዳር እንደቀለጠ ቀረ። ብዪ ያላት የለም፣ ደህና ዋዪ ያላትም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንሰት ስትፍቅ ቢላዋዋን እያቆመች በሻንቶ መንገድ በኩል ለቅሶ ይሰማ እንደሆነ ታዳምጣለች። የሻንቶ ገበያ አንድ ጊዜ አለፈ፣ ሁለት ጊዜ አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። ወሬ የለም።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ኤርካሎ ደጇ ላይ ቆሞ አገኘችው። ጉንጩ ጎድጉዷል። ቃጫው በጣቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ በየቀኑ ከመያዙ ብዛት ጠቁሯል።

«ዛሬ ቋጠሮው ገጠመ» አላት።

አስካለች ቢላዋዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። 

«ትተነፍሳለች? ደህና?»

«ሕፃኑን ታጠባለች። ይኸው፣ አሁንስ ታሺያታለሽ?»

ትልልቅ እጆቿን ተመለከተቻቸው። ቅቤውን በመዳፏ ካሞቀች ስንት ጊዜዋ ነው?

«ገና ነው» አለችው።

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። ነገም ለካ።»

 ኤርካሎ ቃጫውን ከጣቱ ፈትቶ፣ አስተካክሎ መልሶ ጠምጥሞ፣ በጋቢው ጫፍ ቋጠረና መንገዱን ያዘ።