ጽዋውን ለመመለስ ወደ ደብረ ወርቅ

ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት በጋቢ የተጠቀለለ የጽዋ ማሰሮ ታቅፌ ነው። ባለቤቴ አንዱዓለም በትውልድ ቦታው በደብረ ወርቅ፣ ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር ይጠጣው የነበረው የማርያም ማኅበር ጽዋ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ ባለተራው ይደግሳል፤ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል። አንዱዓለም ሰኔ ላይ ጽዋውን ተቀብሎ መጣ፤ ሐምሌ ላይ ሳይደግስ ሞተ። ማኅበርተኞቹ ለቅሶዬን አክብረው እስካሁን በሌላ ማሰሮ ሲጠጡ ቆዩ።

አሁን የእሱን ተራ ላወጣ፣ ጽዋውን ላስረክብና ልሰናበት ነው የምሄደው። ስሙ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ግን ምን ላድርግ? አንዱዓለም ጠበቃ ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት የሚናገረው እሱ፣ ፈገግ የምለው እኔ ነበርኩ። ብቻዬን ምን ብዬ እቀመጣለሁ?

ሉማሜ

ሚኒባሱ ለቁርስ ቆመ። አንዱዓለም በዚህ ሲያልፍ የማይቀርበት ሻይ ቤት ገባሁ።

«ጋሼ ዛሬ የት ቀሩ?» አለችኝ ባለቤቲቱ እታገኝ፣ ከኋላዬ በዓይኗ እየፈለገች።

ነገርኳት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይታ ግን ሳቅ አለች።

«አንድ ቀን ጋሼ ሁለት ሰዎች ይዘው መጡ፤ አንዱ የተከራከሩለት፣ አንዱ የረቱት። የተረታው ሰውዬ ‹ከእናንተ ጋር አልበላም› ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። ጋሼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹እታገኝ፣ ፍርፍሩን በአንድ ሳህን አምጪ፤ ለእኚህ ጌታ ግን በጀርባቸው በኩል አጉርሺያቸው።› ሰውዬው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ዞሩና በሉ!»

የሻይና የፓስቲውን ልከፍል ብል እጄን ገፍታ ከለከለችኝ።

ደጀን

እዚህ መኪና ይለወጣል። ከዓባይ በረሃ ዳገቱን የወጡ ከባድ መኪናዎች ዳር ይዘው ያርፋሉ፤ ነፋሱ የጎማና የአፈር ሽታ ያመጣል። በብቸና በኩል የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር መጨረሻው ወንበር ላይ ተጣብቄ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት እናት ወደ እቅፌ አዩ።

«ልጄ፣ ሕፃኑ እንዳይታፈን ፊቱን ግለጪለት እንጂ።»

«ሕፃን አይደለም እማማ፣ የማርያም ጽዋ ነው።»

«የማርያም ጽዋ? እሷን ነው እዚህ ከድንቹ ጆንያ ጋር የምታንገላቺያት? አንተ ሹፌር፣ አቁም!»

መኪናው ቆመ። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ሳያንገራግር ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ለብቻዬ ሳቅሁ። አንዱዓለም በሕይወት ሳለ ከጋቢና ሌላ ቦታ አስቀምጦኝ አያውቅም ነበር።

ከብቸና ወዲያ ሜዳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉም ማዘንበል ጀምሯል። አንዱዓለም እዚህ ሲደርስ የቢራቢሮ ክራባቱን ያስተካክል ነበር። «ሰው ይህን ሁሉ አበባ ያለ ክራባት ያልፈዋል?» ይለኝ ነበር።

ደብረ ወርቅ፣ ጥቅምት 21

ድግሱን ያዘጋጀነው በእህቱ በጠጅቱ ቤት ነው። ማኅበርተኞቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ሁሉም ተጠጋግቶ ሲቀመጥ መስኮቱ ሥር ያለው መደብ ባዶውን ቀረ፤ የአንዱዓለም ቦታ ነው። የማኅበሩ አለቃ መሪጌታ ጥበቡ ዳቦውን ባረኩ፤ ያመጣሁት ጽዋ ዞረ። መንገዱን ሙሉ ሳጠና የመጣሁትን ስንብት ልናገር ተነሣሁ።

«ክስ አለኝ!» አለ መምህር ደሴ ከእኔ ቀድሞ።

ይህ የማኅበሩ የቆየ ጨዋታ ነው። ፈቃድ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ወር ይከሰሳል፤ ከተረታ አንድ ጋን ጠላ ያመጣል። ዳኛው መሪጌታ፣ ከሳሹ ደሴ፣ ለማንም ይሁን ለማን ጠበቃው አንዱዓለም ነበር። ደሴ አንድም ቀን ረትቶ አያውቅም።

«ተከሳሽ አንዱዓለም» አለ ደሴ። «ሦስት ወር በተከታታይ ቀርቷል። ፈቃድ አልጠየቀም። መልእክት አልላከም። ስንት ዓመት ሲያሳፍረኝ ኖሮ ዛሬ እጄ ገባ፤ ጠበቃም የለው!»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣ። መሪጌታ ጺማቸውን እየዳበሱ «ለተከሳሹ የሚቆምለት አለ?» ሲሉ ሁሉም አቀረቀረ። የቆምኩት እኔ ብቻ መሆኔን ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ፈቃድ አልጠየቀም ለተባለው፣ ለእኔም ሳይነግረኝ ነው የሄደው፤ ከደሴ ይልቅ መክሰስ የሚገባኝ እኔ ነኝ። ግን የጠራው ችሎት ከዚህ ይበልጣል፤ እዚያ ደግሞ ቀጠሮ ይለወጥልኝ አይባልም።»

«ይህስ እውነት ነው» አሉ መሪጌታ።

«መልእክት አልላከም የተባለው ግን ሐሰት ነው። ጽዋውን አስይዞ እኔን ልኳል። ይኸው ቆሜያለሁ።»

ደሴ ዓይኑን ጠራርጎ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «የተከበሩ ዳኛ፣ ይቺስ ከባሏ የባሰች ናት! ክሴን አንሥቻለሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። መሪጌታ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ተከሳሹ በነፃ ተሰናብቷል። ማኅበራችን ግን ያለ ጠበቃ አይሆንለትም። ጠበቃዋ ቦታዋን ትያዝ።»

ያጠናሁት ስንብት ከአፌ ጠፋ። ሄጄ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ፀሐይ ሲመታው የዋለው መደብ ሞቆ ጠበቀኝ።

መልስ፣ ጥቅምት 22

ጽዋው ወደ ቀጣዩ ባለተራ ሄደ፤ እኔ ባዶ እጄን ተሳፈርኩ። መኪናው ሊነሣ ሲል ደሴ በመስኮት ብቅ አለ።

«የሺ፣ በሚቀጥለው ወር ልጄን ላይ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። እቀራለሁ።»

«ታዲያ መሪጌታን ፈቃድ ጠይቃቸዋ!»

«ፈቃድ ከጠየቅሁማ ክሱ ከየት ይመጣል? ዝም ብለሽ ጠበቃ ቁሚልኝ።»

ቤቴ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ከሞተ ጀምሮ ያልነካሁትን የቀጠሮ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኑ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ስማር ነው የኖርኩት። ጽሑፉ ሐምሌ ላይ ያቆማል። በእሱ ብዕር ከሥሩ ጻፍኩ፦

«ታኅሣሥ 21፣ ደብረ ወርቅ። ተከሳሽ፦ መምህር ደሴ። ጠበቃ፦ የሺ።»