«ክፉ አይደለም»

ዝናብ በማያባራባት የስኮትላንድ የወደብ ከተማ፣ በግሪኖክ፣ ሙገሳ እንደ ፀሐይ ነው፤ መኖሩ ይታመናል እንጂ አይታይም። ሰው መርከብ ሠርቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ ባሕር ቢያደርሰው እንኳ፣ የሚባልለት ትልቁ ነገር «ክፉ አይደለም» ነው።

ፈርገስ ማክኳሪ ይቺን ቃል ከአባቱ አፍ ለመስማት ዕድሜውን ፈጀ።

ገና በጎረምሳነቱ ከ«ባለጃንጥሎቹ» ባንድ ጋር ጊታሩን ይዞ በቴሌቪዥን ብቅ አለ። የሱሪው እግር ስፋት ሁለት ቤተሰብ ያስጠልላል። ልጃገረዶቹ ሲጮሁ የክላይድ ወንዝ ደንግጦ ሽቅብ ፈሰሰ ይባላል። አባቱ ዱጋልድ፣ የመርከብ ብረት ቀጥቃጩ፣ እስከ መጨረሻው ተመለከቱና፣

«ፀጉርህን አይጥ ነው የበላው?» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ባንዱ ተበተነ። ፈርገስ አውቶቡስ ነጂ ሆነ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ያቺኑ በቴሌቪዥን የተጫወታትን የዱሮ ዘፈን እያፏጨ ይቀልድበታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ይጫወታል። አባቱ ግን፣ «ያን ሳጥን አሁንም ትኮረኩራለህ?» ከማለት አላለፉም።

ዱጋልድ አርጅተው፣ ደረታቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣

«ሳጥንህን አምጣው እስቲ» አሉት።

አመጣው። የመዶሻ ጩኸት ጆሯቸውን አደንዝዞት ስለነበር መዳፋቸውን በጊታሩ ሆድ ላይ አሳረፉ። ፈርገስ ያቺኑ ዘፈን ቀስ አድርጎ ተጫወተላቸው። ሲጨርስ ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት።

«ግሩም ነው ልጄ። ግሩም።»

ፈርገስ ብድግ አለ። ግሪኖክ ውስጥ «ግሩም» ለሚል ሰው ቄስ ነው የሚጠራለት! ጊታሩን አልጋው ላይ ትቶ ወደ ኮሪደሩ በረረ።

«ነርስ ሴንጋ! አባቴ ሊሞት ነው!»

«ምን ሆኑ?»

«አሞገሰኝ!»

ሴንጋም ያገሩ ልጅ ናትና ትሪዋን ጥላ ሮጠች። ልባቸውን አዳመጠች፣ ትኩሳታቸውን ለካች። ፈርገስ በሩ ላይ ቆሞ በሆዱ ይለማመናል፦ ጌታዬ፣ ቃሉን መልሰህ ውሰደው፤ ሰውየውን ብቻ ተውልኝ።

«ምን ያተራምሳችኋል?» አሉ ዱጋልድ ሁለቱን እያፈራረቁ እያዩ። «ደግሞ አንተ፣ ሦስተኛዋ ክርህ ረግባለች።»

ሴንጋ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አውልቃ፣ «በል እፎይ በል፤ ደህና ናቸው» አለችው።

«ዘፈኑስ፣ አባዬ?» አለ ፈርገስ፣ ፈራ ተባ እያለ።

«እ... ክፉ አይደለም።»

ፈርገስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ክሯን መቃኘት ጀመረ። እንባው አላሳየው ብሎ፣ ሦስተኛዋን ትቶ አራተኛዋን ያጠብቃል።