የተሰረዘችው «በ»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የስብሰባ ማስታወቂያ እንዳርምላት በስልኬ ላከችልኝ። ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች ሥራቸውን ለማንም ክፍት አድርገው የሚያሳዩበት ቀን ነው፤ እዚሁ የካ። ርዕሱ «የነፃ ሶፍትዌር ቀን» ይላል። ስሕተት የለበትም። እኔ ግን ርዕሱን ደጋግሜ አነበብኩት።

በዘጠና ሰባት ዓ.ም. ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ የኮሌጅ ጓደኞቼ ሁሉ ታናናሾቼ ናቸው፤ አማርኛቸውን ስለማርም «እትዬ መዝገበ ቃላት» ይሉኝ ነበር። ከምርጫው በኋላ የመጣው ክረምት ነው፤ አምስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ መታየት የሚፈራበት ጊዜ። ከሁላችን ጎበዙ ዳንኤል ከአንድ ማሠልጠኛ ክፍል ለምኖ ትንሽ ጉባኤ አዘጋጀ። ማስታወቂያውን ሲያረቅ «የበነፃ ሶፍትዌር ቀን» ብሎ ጻፈ። ክፍያ የለውም ለማለት ነው።

«የበ» የሚባል አማርኛ የለም ብዬ «በ»ን ሰረዝኳት።

«ትቆይ እንጂ፣ ምን አደረገችሽ?» አለኝ።

«ሰው ይስቅብሃል» አልኩት። ንጹሑን ቅጂ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሾላ ገበያ ቆሎና ሙዝ ገዝተን ጭቃማውን ዳገት ወደ ማሠልጠኛው ወጣን። ከእንጦጦ የወረደው ጉም ባሕር ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸው ነበር። ሃያ የምንሆን ሰዎች፣ አራት ኮምፒውተር፣ በየተራ የሚገለበጥ ሲዲ። የዚያ ዓይነት ጉባኤ ደስ የሚለው ተናጋሪና አድማጭ አለመለየቱ ነው፤ እጁን ያወጣ ይነሣል፣ ያልገባው ያቋርጠዋል፣ ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዳንኤል አንዱን ልማዳችንን ለአዲሶቹ ያስረዳ ነበር፦ እያንዳንዱ የፕሮግራም መስመር የጻፈው ሰው ስም አለው፤ ያቃናም ያበላሸም በስሙ ይታወቃል።

ይህን እያለ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ከበሩ የገነጠለውን ማስታወቂያችንን ይዟል፤ ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ፈስሷል።

«ነፃ የምትወጡት ከማን ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

ዳንኤል በነፃ ለማለት ነው፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም ብሎ አስረዳ።

«ታዲያ ‹በ›ዋ የታለች?»

አፌ ውስጥ ቆሎ ነበር። ድምፁ እንዳይሰማ ማኘክ ፈራሁ።

«ማነው የጻፈው?»

ዳንኤል ወደ እኔ አላየም። ሆን ብሎ ነው ያላየው። «እኔ ነኝ» አለ። ይዘውት ሄዱ። የጎረስኩትን ቆሎ የዋጥኩት ዳገቱን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ይመስለኛል።

አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ቆየ። በእነዚያ ቀናት የግቢያችን ቆርቆሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ልብሴን አስተካክዬ እቆም ነበር፤ የእጅ ጽሑፌ እንዳይመሳከርም ደብተሮቼን ቀዳድጄ መጸዳጃ ጉድጓድ ከተትኳቸው። ሄጄ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ አላልኩም። ሲፈታ ላየው ሄድኩ፤ ከስቷል። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ።

«‹የበ› ግን እውነትም አማርኛ አይደለም፣ እትዬ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጉባኤ አላዘጋጀም። ለጓደኞቻችንም ማን እንደሰረዛት አልነገረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ለወጣቷ ማስታወቂያው ደህና ነው ብዬ መለስኩላት። ከሥሩ «አራሚ» ብላ ስሜን እንድታስገባም ጠየቅኳት።

«ለአንድ ገጽ ማስታወቂያ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ «ከነአባቴ ስም።»