ለብቻው የተቀመጠ ምሳ

በእስር ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። አንዱ ካቦ፣ የክፍሉ አለቃ፣ አድርገን የመረጥነው የባቱ ቲማቲም ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚያስተምር መምህር፣ ሦስተኛው የአዳማ ባጃጅ ነጂ፣ የአንዲት ልጅ አባት። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ የተማርኩ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ። የተያዝኩት ሰው የላከልኝን ቪዲዮ ሳላጣራ ለዕድራችን አባላት በቴሌግራም ስላስተላለፍኩ ነው። ልጆቼን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያላያችሁትን አታውሩ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ የሰው ጀርባ ያወዛውን መስመር ነው። እኔም ጀርባዬን እዚያው ላይ አስደገፍኩ።

ደንባችን አንድ ነበር። ከየቤታችን የሚመጣው ምግብ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ አብረን እንበላለን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መምህሩ ስለ ሙያው አወጋን። ድሮ ምሁራን ዜና እንደ ጥይት የሰማውን ሁሉ ይመታል ይሉ ነበር አለ። በኋላ ደግሞ ሰው ይበልጥ የሚያምነው ከሚያከብረው ሰው አፍ ሲሰማው ነው ተባለ። ሌሎች ደግሞ፣ ወሬ ሌላውን እንጂ እኔን አያታልለኝም ማለት የብዙ ሰው በሽታ መሆኑን አስተዋሉ። እኔ ናቅሁት። ይህ ላልበሰለ ሰው ነው፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ራዲዮ ስፈታ የኖርኩ ነኝ አልኩት።

ባጃጅ ነጂው ሳቀ። “ፋዘር፣ እርስዎ እኮ የፈቱት ብሎኑን ነው።”

ምሳ ቀርቦ ሳለ ከጠባቂዎቹ ክፍል ቴሌቪዥን የሰባት ሰዓት ዜና ይሰማ ጀመር። በአዳማ ከተማ በባጃጅ የጦር መሣሪያ ሲያዘዋውር የነበረ ተጠርጣሪ ተያዘ አለ። ስም አልጠራም። እጃችን ትሪው ላይ ቆመ።

“አዳማ ውስጥ ባጃጅ ከዝንብ ይበዛል እኮ” አለ ነጂው። የሳቀለት የለም።

በማግስቱ ሚስቱ የላከችው ሽሮ ትሪው ላይ አልተገለበጠም። ካቦው ለጊዜው ነው ብሎ ምሳ ዕቃውን ወደ በሩ ገፋው። ያዘዘው ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ያስተማረን መምህር ጥፍሩን ያይ ነበር። እኔም ፍራሼን ከነጂው ፍራሽ አራቅሁ። ቁጣም ኀዘኔታም አልተሰማኝም። በላሁ፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ሰውየው ሁለት ቀን ብቻውን በላ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ አባቴ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ነጂው መሣሪያ መጫኑን በአፉ ሲናገር ሰምቻለሁ ብዬ ብፈርም በዚያው ዕለት ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ።

የማፍርበት እዚህ ላይ ነው። እውነትም የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ነጂው አንድ ቀን ከሞጆ ከባድ ጆንያ ጭኖ ስለ መምጣቱ አውርቶልን ነበር። ከዜናው በኋላ ያ ጆንያ በሐሳቤ ውስጥ ረዘመ፤ የብረት ድምፅም አወጣ። ወረቀቱን ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

“ያወራልን ስለ ሽንኩርት ነው” አልኩ።

“እርግጠኛ ነዎት፣ አባቴ?”

“ከእሱ የሰማሁት ሽንኩርት ነው። ሌላውን የሰማሁት ከእናንተ ቴሌቪዥን ነው።”

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ስመለስ ምሳ ደርሷል። ሳህኔን ይዤ በሩ አጠገብ፣ ከነጂው ጎን ተቀመጥኩ።

“ፋዘር፣ ይቅርብዎት። ይጠምዱዎታል” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ብላ” አልኩት።

መምህሩ ጥቂት ቆይቶ መጣ። ካቦው እስከ ማግስቱ አልመጣም።

ነጂው ያለ ክስ ተለቀቀ። ዜናው ስለ እሱ ይሁን ስለ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባጃጇ የኪራይ ስለነበረች ባለቤቷ ለሌላ ሰጣት። የካቦው ቲማቲም ሳይሸጥ በሰበሰ። አሁንም ሱቄ ውስጥ የአንድ ሰው መያዝ ሲነገር መጀመሪያ የማስበው ሳያደርግ አይቀርም ብዬ ነው። ራሴን የምቆጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የታሰርንበትን ደምሬዋለሁ። የእኔ አርባ አንድ ቀን፣ የካቦው ሠላሳ፣ የመምህሩ ስልሳ፣ የነጂው መቶ አሥራ ሁለት፤ በድምሩ ሁለት መቶ አርባ ሦስት። ከነዚህ ውስጥ ሰውየው ብቻውን የበላባቸውን ሁለት ቀናት ባሰሩን ሰዎች ላይ አልቆጥርም። እነዚያን ሁለት ቀናት የፈረድንበት እኛ ነን።