አንድ ቁጥር የተሰጠው ጭቃ

ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ይህን ዛሬም መመለስ አቅቶኛል። የሚመልሱልኝ ዶክተር ተካልኝ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ሮማ፣ ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል።

የምታውቋቸው ሁሉ ቱቦዋን ታስታውሳላችሁ። ከአገር ሲወጡ ልብሳቸውን ትተው፣ ከሐይቅ ወለል የተቆፈረ ጭቃ በቱቦ ይዘው የመጡ ሰው ነበሩ። «ሐይቅ ሲጎድል ጨው ይበዛበታል፣ ሲሞላ ይለዝባል፤ ጭቃው የሁሉንም ዘመን ይመዘግባል» ይሉ ነበር። ደርግ መጥቶ መመለሻቸው ሲዘጋ፣ ሌላ ጭቃ የማምጣት ተስፋቸውም አብሮ ተዘጋ።

እኔ የላቦራቶሪው ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል አላውቅም፤ በምሳ ሰዓት ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ፓኒኖ ዳቦአቸውን ገምሰው እየሰጡኝ፣ «ሲኞራ አስቴር፣ ይህቺ ‹ቀ› ሆዷ ተነፍቷል፤ አስተካክያት» ይሉኝ ነበር።

ጽሕፈቴ ሲያምር ሥራ ጨመሩልኝ። ጭቃውን እንደ ዳቦ ቆራርጠው በየብልቃጡ ከተቱና፣ «አሎራ፣ እንግዲህ በዕድሜያቸው ተራ ቁጥር ስጫቸው» አሉኝ። ከታች ያለው ጭቃ ታላቅ መሆኑን አስተምረውኛል። ታላቅ እያለ አንድ ቁጥርን ለታናሽ የሚሰጥ ከየትኛው ቤት ያደገ ነው? ለሽማግሌው ጭቃ ሰጠሁ። እሳቸው ግን የሚቆጥሩት ከላይ፣ ከትናንቱ ጭቃ ጀምረው ነበር።

የየብልቃጡ ጨው ተለክቶ ውጤቱ ሲመጣ፣ «አገራችን ጥንት ደረቅ ነበረች፤ እያደር ውኃ ጠገበች!» እያሉ ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ ያገኙትን ሐበሻ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። «ዶክተር፣ ከቤት የመጣልኝ ደብዳቤ ዝናብ ጠፋ ይላል» ያላቸውንም ሰው፣ «ጭቃ አይዋሽም!» ብለው አሳፈሩት።

ውጤቱን ለጣሊያን ምሁራን ሊያስረዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ንግግራቸውን እፊቴ ተለማመዱ። «አንድ ቁጥር፣ ማለትም የቅርቡ ጭቃ…» ሲሉ መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ሊሳቅባቸው ነው! ብናገር ደግሞ ከላቦራቶሪው ያስወጡኛል፤ ትምህርቴም ሳያልቅ ይቀራል። ውጤቱን በንጹሕ ወረቀት የምጽፍላቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ተራውን ገልብጬ የመጨረሻውን ብልቃጥ አንድ ቁጥር አድርጌ ጻፍኩት።

ወረቀቱን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ድርቁ ኋላ ነው የመጣው ማለት ነው» አሉ። ሄደው እንደዚያው ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። በማግስቱ ደብተሬ ላይ አዲስ የቤት ሥራ ጽፈውልኝ አገኘሁ፦ «ከመቶ ተነሥተሽ እስከ አንድ ወደ ኋላ ቁጠሪ።» ቅጣት ይሁን ትምህርት፣ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ጋሽ ተካልኝ፣ በሰላም ይረፉ፤ በሰማይም የሚቀመጡበትን ረድፍ በደንብ አጣርተው ይያዙ። እሑድ ዕለት ከአልጋዎ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሽማግሌውን ጭቃ ያከበርኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩዎ። ዓይንዎን አልገለጡም። አንሶላው ላይ የነበረው እጅዎ ብቻ ቀስ ብሎ መዳፉን ወደ ላይ አዞረ። ማወቅዎን ይሁን ውኃ መፈለግዎን፣ እንጃ። ለማንኛውም ውኃ አቀረብኩልዎ፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡ።