ተዋጊ ጄት ለመምረጥ ኮሎምበስ ድረስ

ከቢሾፍቱ የተነሣሁት አንድ ሰው ለማግኘት ነው። ከአየር ኃይል በጡረታ ከተገለልኩ ቆይቻለሁ። ሆኖም አዳዲስ ተዋጊ ጄቶችን ለመምረጥ የተቋቋመ የጥናት ቡድን በአማካሪነት ጠርቶኝ፣ በቀረቡት ሦስት ዓይነት ጄቶች ላይ አስተያየቴን በወር ውስጥ እንድጽፍ ጠየቀኝ። ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት ግን ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የሚኖረውን የቀድሞ የጥገና ሹማችንን ታምራትን ማየት ነበረብኝ። የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የምነግረው።

ረቡዕ፣ ሂልቶፕ

በዋሽንግተን በኩል አድርጌ ኮሎምበስ ስደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። አየር ማረፊያ የተቀበለችኝ የታምራት ልጅ ሰናይት ናት፤ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ትተዳደራለች። «ጋሼ፣ ዓይኔን አይዩት፤ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትዬ፣ ሠርቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለመደ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ብሮድ ስትሪትን ይዘን ወደ ምዕራብ ስንነዳ ጎማ ቤቶች፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ቀጥሎም ሂልቶፕ በሚባለው ሰፈር በረንዳ ያላቸው ትንንሽ የእንጨት ቤቶች መጡ።

ታምራት ከአንዱ ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በአቅራቢያው ግሮቭ ሲቲ በምትባል ከተማ ባለ መጋዘን የዕቃ ማመላለሻ ማሽኖችን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣው በቅርቡ ነው። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ እጁ ግን እንደ ድሮው ሻካራ ነው። «ሻለቃ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ አቀፈኝ።

እራት ላይ ስለ ሦስቱ ጄቶች ልነግረው ስጀምር እጁን አነሣ።

«ስማቸውን አይንገሩኝ፤ ስም ከሰማሁ አደላለሁ። ነገ ዴይተን እንሂድ። እዚያ ባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ የቆሙ ጄቶች አሉ፤ እነሱን እያየን እናውራ።»

ሐሙስ፣ ዴይተን

በሰናይት መኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳን። የመንገዱ ዳር ዳሩ የታጨደ የበቆሎ ማሳ ነው። ሙዚየሙ መግቢያውም መኪና ማቆሚያውም ነጻ ነው፤ አዳራሾቹ ግን ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ አያልቁም።

እኔ እንደ ልማዴ አፍንጫና ክንፍ አየሁ። ታምራት አንዱ ጄት ሥር ጎንበስ ብሎ ሆዱ ላይ ያሉትን የጥገና ክዳኖች ከሩቅ በጣቱ ቆጠረ። ይህን ለመክፈት መሰላል ያስፈልጋል አለኝ። አጠገቡ ያለውን ግን ሰው መሬት ቆሞ ይከፍተዋል፤ በቀን ሦስት ጊዜ መብረር የሚችለው እንዲህ በቀላሉ የሚጠገነው ነው አለ።

ስለ ፍጥነትና ስለ ራዳር ሳነሣበት ነገሩን አልናቀውም፤ ያንን ሻጩም አብራሪውም ይነግራችኋል አለ።

«እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሞተሩ ሲታመም የሚታከመው አገር ቤት ነው ወይስ ባሕር ማዶ? መለዋወጫው የሚመጣው በማን ፈቃድ ነው? ሻጩ ቢያኮርፈን ስንት ወር መብረር እንችላለን?»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከብዙ ዓመታት በፊትም ጄት ስንመርጥ ሁለታችን በአንድ ቡድን ውስጥ ነበርን፤ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቆች የወደዱት ጄት ሞተሩ ውጭ ካልተላከ እንደማይታደስ ታምራት በአራት ገጽ ማስታወሻ አስጠንቅቆ ነበር። ጄቱ ተገዛ። ብዙም ሳይቆይ ግማሾቹ ሸራ ለብሰው ቆሙ፤ ለምን አልበረሩም ተብሎ የተወቀሰው ግን የጥገና ክፍሉ ነው። ታምራት ከሹመቱ ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ።

«ታምራት» አልኩት፣ «ያ ማስታወሻህ አለቆች ዘንድ አልደረሰም። ከሪፖርቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው።»



«ይህን ሁሉ ዘመን» አለ፣ «አንብበው የናቁኝ ይመስለኝ ነበር።»

ተነሥቶ ብቻውን በጄቶቹ መካከል ሄደ። ልከተለው አልደፈርኩም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰና ምሳ እንብላ አለኝ። ሰናይት የቋጠረችልንን ፍርፍር መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን በላን። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ኮሎምበስ እስክንደርስ ሬዲዮ ሰማን።

ዓርብ ጠዋት

ቁርስ ላይ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ሰጠኝ። የትኛው ጄት እንደሚሻል ሳይሆን መጠየቅ ያለብንን ጥያቄ ነበር የጻፈልኝ።

«ስሜ ከታች ይግባ» አለኝ። «የሚያወጡት ከሆነ ግን አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

«አላወጣውም» አልኩት።

ቢሾፍቱ

ቅዳሜ ተነሥቼ እሑድ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ለጥናት ቡድኑ ያቀረብኩት ጽሑፍ የታምራትን ጥያቄዎች ከነስሙ አስቀድሞ፣ የእኔን አስተያየት አስከተለ። ሰብሳቢው ገጹን ደጋግሞ አገላብጦ፣ ሰውየው አሁን የት እንዳለ ጠየቀኝ። ኮሎምበስ አልኩት። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚመረጥ እስካሁን አላውቅም። ጄቶቹን ሊሞክሩ ወደ ሻጮቹ አገር ከሚሄዱት አብራሪዎች ጋር ቴክኒሻኖችም ሄደው ሞተሩን በገዛ እጃቸው አውርደው እንዲሰቅሉ ግን ተወሰነ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጄት የሚመረጠው ሰማይ ላይ በሚያደርገው ነገር ይመስለኝ ነበር። ጉዞው ያስተማረኝ ግን ምርጫው የሚበላሸው ከዚያ በፊት፣ የሚያውቀው ሰው ሲናገር የሚሰማው ሲፈራ መሆኑን ነው።

ለታምራት ደውዬ ውሳኔውን ነገርኩት። ስንት ቴክኒሻን እንደሚሄድ ጠየቀኝ። አራት አልኩት።

«ስድስት ይሁኑ» አለ። «ከሚጨመሩት ሁለቱ አንዱ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ይሁን።»

በማግስቱ ሰብሳቢው ቢሮ ሄጄ ሁለት ሰው አስጨመርኩ።